ከመናፈሻ ጠባቂው ቤት እስከ ዊምብልደን

የሜዳ ቴኒስ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን የዊሊያምስ እህትማማቾች ናቸው። ዊምብልደንን በነጠላ ያሸነፈው የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ግን አርተር አሽ ይባላል።

አሽ እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ከተማ ተወለደ። እናቱ የሞተችበት ገና በስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ ብሩክፊልድ የተባለው የጥቁሮች መናፈሻ ጠባቂ ስለነበሩ ቤታቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ቴኒስ ሜዳው ደጃፋቸው ላይ ማለት ነው። መጀመሪያ ያሰለጠነው ሮን ቻሪቲ የተባለ የኮሌጅ ተማሪ ሲሆን፣ የልጁን ችሎታ አይቶ ወደ ዶክተር ሮበርት ዋልተር ጆንሰን ላከው። ዶክተሩ ሐኪም ናቸው፤ ሊንችበርግ በሚገኘው ቤታቸው ጥቁር ታዳጊዎችን ያሰለጥኑ ነበር። አልቲያ ጊብሰንም በእሳቸው እጅ ያለፈች ናት።

የሰውየው ሕግ ታዲያ ጉድ ነው። ተጋጣሚ የመታው ኳስ ከመስመር በትንሹ ቢወጣ እንኳ እንደገባ ተቆጥሮ ይመለሳል። ከዳኛ ጋር መከራከር የለም። ንዴትን ፊት ላይ ማሳየትም ክልክል ነው። ያኔ አንድ ጥቁር ልጅ ነጮች ሜዳ ላይ ከተጨቃጨቀ ለማባረር ሰበብ ይሆናላ! አሽ ይህን ጸባይ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ኖረ።

ሪችመንድ ውስጥ ከነጮች ጋር መወዳደር ስለማይፈቀድለት የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቱን ሴንት ሉዊስ ሄዶ ጨረሰ። በ1961 ደግሞ የዩሲኤልኤ አሰልጣኝ ጄ.ዲ. ሞርጋን ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥተው ሎስ አንጀለስ አስመጡት። በ1963 ለአሜሪካ ዴቪስ ካፕ ቡድን የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በ1965 የአሜሪካ ኮሌጆችን ሻምፒዮና በነጠላም በጥንድም ሲያሸንፍ ዩኒቨርሲቲውም በቡድን ዋንጫውን አነሳ። በማግስቱ ዓመት በቢዝነስ አስተዳደር ተመረቀ።

በ1968 የጦር ሠራዊት መኮንን ሆኖ ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ። አማተር ስለነበር ግን የ14 ሺህ ዶላሩ ሽልማት የተሰጠው በፍጻሜው ለተሸነፈው ቶም ኦከር ነው። ለሻምፒዮኑ የደረሰው የቀን አበል ብቻ፣ 20 ዶላር!

በእነዚያ ዓመታት ዝምታው አስወቅሶታል። ወገኖቹ ሲታገሉ እሱ ኳስ ይመታል ያሉት ነበሩ። በ1973 የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ስትፈቅድለት ሄዶ መጫወቱም አከራክሯል። በ1985 ግን ዋሽንግተን በሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት ለፊት ሲቃወም ታስሯል።

የ1975ቱ የዊምብልደን ፍጻሜ ለብቻው ይወራለታል። ተጋጣሚው ጂሚ ኮነርስም የዩሲኤልኤ ልጅ ነው፤ የኮሌጆቹን ሻምፒዮና በ1971 ወስዷል። አሽ ያሸንፋል ብሎ የገመተ እምብዛም አልነበረም። ኮነርስ የሚወደው ፈጣን ኳስ ነው፤ አሽም በጠንካራ ምቱ ይታወቃል። የዚያን ቀን ግን ለስላሳና ዝቅ ያለ ኳስ እየሰጠ አደከመው። በእረፍት ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። 6ለ1፣ 6ለ1፣ 5ለ7፣ 6ለ4 አሸነፈ።

በ1979 የልብ ሕመም ያዘው። በ1983 ለሁለተኛ ጊዜ ልቡን ሲታከም በተሰጠው ደም ኤችአይቪ ገባበት፤ ያወቀው በ1988 ነው። ሊደብቀው ፈልጎ ነበር፤ አንድ ጋዜጣ ሊያወጣው መሆኑን ሲሰማ ግን በ1992 ራሱ ተናገረ። ይህ እኛንም ጋዜጠኞችን ይመለከታል። የካቲት 1993 በ49 ዓመቱ አረፈ።

በ1996 ሪችመንድ ለባርነት የተዋጉ ጄኔራሎች ሐውልት በተደረደረበት ጎዳና ላይ የእሱንም አቆመችለት። በ2020 እና በ2021 የጄኔራሎቹ ሲነሳ የአሽ እዚያው ቀረ።