የሣርን አጥንት የመዘነው ሰው

ሣር አጥንት የለውም፤ ታዲያ ነፋስ ሲመጣ ተጎንብሶ መልሶ የሚቆመው በምን ኃይል ነው? እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በዕፀዋት ጉዳይ ምን አግብቷችሁ እንባል ይሆናል። ሆኖም የሲሞን ሽቬንደነርን ታሪክ ለባዮሎጂ ተማሪዎች ብቻ መተው አልወደድንም።

ሽቬንደነር እ.ኤ.አ. በ1829 በስዊስ አገር ቡክስ በተባለ ቀበሌ ከገበሬ ቤት ተወለደ። በ1856 በዙሪክ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ፤ ቀጥሎ በሙኒክ የስመ ጥሩው የኔጌሊ ረዳት ሆነ፤ በ1867 ደግሞ በባዝል ፕሮፌሰር ተባለ። መከራውም ያን ጊዜ ጀመረ። በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚለጠፈው ሊከን አንድ ተክል ሳይሆን የፈንገስና የአልጌ ማኅበር ነው ብሎ በመናገሩ፣ ዕድሜያቸውን በሊከን ጥናት የጨረሱ ሊቃውንት ተሳለቁበት። እውነቱ ግን ከርሱ ጋር ነበረ።

ክርክሩ ሳይበርድ ወደ ሣር ወገኖች ዞረ። ከግንድና ከቅጠል ጭረት እየላጠ፣ ክብደት እያንጠለጠለ ለካ። ጭረቱ ተስቦ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ እስከሚችልበት ወሰን ድረስ የሚሸከመው ክብደት፣ በውፍረት ከሚተካከለው ብረት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኘው። ልዩነቱ ከወሰኑ በኋላ ነው፤ ብረቱ ቀስ እያለ ይለጠጣል፤ ጭረቱ ወዲያው ይበጠሳል። (የእንሰትን ቃጫ ገመድ አድርገው የሚገምዱ ወገኖቻችን ጥንካሬውን ያለ ሚዛን ያውቁታል።)

በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ የድልድይ መሐንዲስን ስሌት ወደ ተክል አመጣ። ግንድ ሲጎነበስ አንደኛው ጎኑ ይሳባል፤ ሌላው ይጨመቃል፤ መካከሉ ብዙም አይደክምም። ስለዚህ ጠንካራው ክፍል ወደ ዳር ይሰለፋል፤ ሸምበቆም ውስጡ ባዶ ሆኖ ይቆማል። ሥር ግን ይሳባል እንጂ እምብዛም አይጎነበስም፤ ጥንካሬውን እንደ ገመድ መካከሉ ላይ ይሰበስባል። ጤፉ የተጋሸበበት ገበሬም የሚጠይቀው ይህንኑ የግንድና የሥር ነገር ነው።

ደጋፊዎቹ ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ናቸው። ኮለንካይማ ሕያው ነው፤ በሚያድገው ለጋ ክፍል ውስጥ አብሮ እየተለጠጠ ይደግፋል። ስክለረንካይማ ግን ግድግዳውን በሊግኒን አወፍሮ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ ዋና አገልግሎቱም ከሞተ በኋላ ነው! በኛ አስተያየት የሽቬንደነር ድፍረት እዚህ ላይ ነው፤ የተክልን ክፍል በአመጣጡ ሳይሆን በሥራው መደበው። ይህንን መንገድ ደቀ መዝሙሩ ሃበርላንት በ1884 ባወጣው መጽሐፍ አሰፋው።

ሽቬንደነር በ1878 ወደ በርሊን ተዛውሮ አስተማረ፤ በ1919 በ90 ዓመቱ በዚያው ሞተ። ለደጋፊው ክፍል ያወጣለት ስቴረዮም የሚለው ስም ግን ከመማሪያ መጻሕፍት ጠፍቷል ማለት ይቻላል።