ሳትየንድራ ናት ቦዝ

ሳትየንድራ ናት ቦዝ (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1894 – ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1974) የሕንድ የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። ዛሬ እጅግ በቀዘቀዙ አቶሞች ላይ ለሚካሄደው ምርምር መሠረት የሆነውን አቆጣጠር ያገኙት እርሳቸው ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ትምህርትና ሥራ

ቦዝ በካልካታ (አሁን ኮልካታ) ተወለዱ። ከሰባት ልጆች የመጀመሪያውና ብቸኛው ወንድ ነበሩ፤ አባታቸው በባቡር ድርጅት ይሠሩ ነበር። በ1915 በሒሳብ የማስተርስ ዲግሪያቸውን በአንደኛነት አገኙ። ከ1921 ጀምሮ አዲስ በተከፈተው የዳካ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተማሩ። ኋላም የዶክትሬት ዲግሪ ሳይኖራቸው በአይንስታይን ድጋፍ በዚያው ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1945 ወደ ካልካታ ተመልሰው እስከ 1956 አስተማሩ።

የ1924ቱ ጽሑፍ

ቦዝ የፕላንክን የጨረር ሕግ በአዲስ መንገድ ያስረዳ አጭር ጽሑፍ አዘጋጁ። ወደ እንግሊዝ የላኩት ጽሑፍ ሳይታተም ስለቀረ በጁን 1924 ለአልበርት አይንስታይን ላኩለት። አይንስታይን ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመው።

የሐሳቡ ቁልፍ አቆጣጠሩ ነው። ሁለት ኳሶች በሁለት ሣጥኖች ውስጥ በ4 ዓይነት መንገድ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ከነዚህ በ2ቱ ኳሶቹ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገናኛሉ። የብርሃን ቅንጣቶች ግን ፈጽሞ ስለማይለዩ ቦታ ቢለዋወጡ አዲስ አቀማመጥ አይፈጠርም። ስለዚህ አቀማመጦቹ 3 ብቻ ይሆናሉ፤ ከ3ቱም በ2ቱ ቅንጣቶቹ አብረው ይገኛሉ። በሌላ አነጋገር ቅንጣቶቹ መሰብሰብ ይቀናቸዋል።

አይንስታይን ይህን አቆጣጠር ወደ አቶሞች አሰፋው። ጋዝ በጣም ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹ አቶሞች በአንድነት ወደ ዝቅተኛው የኃይል ደረጃ እንደሚወርዱ ተነበየ። ይህ ሁኔታ የቦዝ–አይንስታይን ኮንደንሴት ይባላል።

ትንበያው ሲፈጸም

ቦዝ ካረፉ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዋይማን በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሩቢዲየም አቶሞችን በጨረር (ሌዘር) እና በማግኔት አማካይነት አቀዘቀዙ። ሙቀታቸው ከፍጹም ዜሮ (−273.15 ዲግሪ ሴልሲየስ) በላይ ከአንድ ዲግሪ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያም ኮንደንሴቱ ታየ። በዚያው ዓመት ቮልፍጋንግ ኬተርለ በሶዲየም አቶሞች ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ሦስቱም በ2001 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቦዝ ራሳቸው ለኖቤል ቢታጩም አልተሸለሙም።

ሳይንስ በአፍ መፍቻ ቋንቋ

ቦዝ ሳይንስን በቤንጋልኛ ማስተማር እንደሚቻል ያምኑ ነበር። በ1948 የቤንጋል የሳይንስ ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩም በቤንጋልኛ የሳይንስ መጽሔት ማሳተም ጀመረ።

መታሰቢያ

ፖል ዲራክ በእርሳቸው አቆጣጠር የሚመሩትን ቅንጣቶች ሁሉ ቦዞን ብሎ ሰየማቸው። ሕንድ በ1954 ፓድማ ቪቡሻን የተባለውን ከፍተኛ ኒሻን ሸለመቻቸው፤ በ1958 ደግሞ የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ። በ80 ዓመታቸው በካልካታ አረፉ።