አባ ሙሴ ጸሊም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጆች፣ የዛሬው ትምህርታችን ሰኔ 24 ቀን በስንክሳር ታሪኩ ስለሚነበበው ስለ አባ ሙሴ ጸሊም ነው። ጸሊም በግእዝ ጥቁር ማለት ነው። ወደ እርሱ ታሪክ ከመግባታችን በፊት ግን እናንተው ስለምታውቁት አንድ ነገር እንነጋገር።

የቆሎ ተማሪ ወደ መንደራችሁ ሲመጣ አይታችኋል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ የሚሆን በትር ይዞ ከደጃፍ ሲቆም ውሻው ይጮኻል፤ ትንሹ ልጅም ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይሸጎጣል። እኔም በተማሪነቴ ከቢቸና ወደ ሞጣ ስጓዝ በመንገድ ዳር ባሉት መንደሮች ስንት ሕፃናት ከእኔ ሸሽተዋል! አልተቀየምኋቸውም፤ የማያውቁትን ሰው ነውና የፈሩት። በአንዱ መንደር ጥቂት ቀን ብሰነብት እነዚያው ሕፃናት ከብበውኝ ፊደል እንዳስቆጥራቸው ይለምኑኝ ጀመር። እንዲህ ያለው ፍርሃት ሰው ሲተዋወቅ ያልፋል። ሰው ተዋውቆም የማያልፍ ሌላ ነገር ግን አለ። እርሱ ፍርሃት አይባልም፤ ሰውን በዘሩና በቀለሙ መናቅ ነው። አባ ሙሴ ሁለቱንም በሕይወቱ አይቷል።

ሙሴ የኖረው በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ምድር ነበር። የጥንት ጸሐፊዎች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉት ስለ ነበር እርሱንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። በመጀመሪያ የአንድ ሹም ባሪያ ነበረ። በመስረቁና አልታዘዝ በማለቱ ጌታው ከቤት አባረረው። ከዚያም ሽፍቶችን ሰብስቦ አለቃቸው ሆነ። ጉልበቱ እጅግ ብርቱ ነበር፤ አንድ በግ ለብቻው ይጨርስ ነበር ይባላል።

አንድ ሌሊት ለዝርፊያ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሻ ጮኾ አሰናከለበት። ሙሴም በእረኛው ቂም ያዘ። እረኛው ከወንዙ ማዶ ነበረ፤ ወንዙም ዐባይ ነው፤ ያውም የሞላ ዐባይ! ልጆች፣ በክረምት በእኛ በጎጃም ተራሮች የሚዘንበው ውኃ ወርዶ ወርዶ ግብፅ ሲደርስ ነው ዐባይ እንዲያ የሚሞላው። ሙሴ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ፣ ካራውን በጥርሱ ነክሶ ያንን ሙላት ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ግን ሲመጣ አይቶ አሸዋ ውስጥ ራሱን ቀብሮ አመለጠ። ሙሴ እረኛውን ቢያጣው አራት ሙክቶች መርጦ አረደ፤ በገመድም አስሮ እየጎተታቸው ወንዙን መልሶ ዋኘ።

እስቲ አስቡት። እረኛው ለምን ተደበቀ? ሙሴ ጥቁር ስለ ሆነ ነውን? አይደለም። ካራ ነክሶ የሚመጣ ሰው ነጭም ቢሆን ቀይ ይፈራል። እረኛው የፈራው የሰውየውን ሥራ ነው፤ በዚህም አልበደለም።

ከዘመናት በኋላ የሙሴ ልብ እግዚአብሔርን መፈለግ ጀመረ። በአስቄጥስ በረሃ የሚኖሩ መነኮሳት እግዚአብሔርን ያውቃሉ ሲባል ሰማና ሰይፉን እንደ ታጠቀ ወደዚያ ሄደ። አባ ኤስድሮስ የሚባል ቅዱስ አባት መጀመሪያ አገኘው፤ ባየውም ጊዜ ደነገጠ። አዎን ልጆች፣ ቅዱሱም ደነገጠ! ሰይፍ የታጠቀ የማያውቁት ግዙፍ ሰው በበረሃ ብቻችሁን ስታገኙት አለመደንገጥ አይቻልም። ሙሴ ግን የመጣው ስለ እግዚአብሔር እንዲነግሩት መሆኑን አስረዳው። አባ ኤስድሮስም ይህን ሲሰማ ፍርሃቱ ተወው፤ ወደ ታላቁ አባ መቃርስ ይዞት ሄደ። አባ መቃርስም አስተምሮ አጠመቀው፤ በኋላም መነኮሰ።

የሙሴ ገድል ቀላል አልነበረም። የቀድሞ ልማዱ ሌት ተቀን ይፈታተነው ነበር። ሰውነቱን ለማድከም ሌሊት ሌሊት እየተነሣ የሽማግሌዎቹን መነኮሳት እንስራ ሰብስቦ ከሩቅ ውኃ እየቀዳ በየበዓታቸው ደጃፍ ያኖርላቸው ነበር። አንድ ሌሊት በውኃው ጉድጓድ አጠገብ ሰይጣን በዱላ ወገቡን መትቶት ወድቆ ተገኘ፤ እስኪድንም ዓመት ፈጀበት።

አራት ሌቦች የማን በዓት እንደ ሆነ ሳያውቁ ሊዘርፉት የመጡ ጊዜስ ምን አደረገ? አራቱንም አንድ ላይ አሰራቸው፤ እንደ ገለባ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና ለእርሱ ሰውን መጉዳት ያልተፈቀደ ስለሆነ ምን እንደሚያደርጋቸው አባቶችን ጠየቀ። ሌቦቹም የተሸከማቸው ያ ስሙ የተፈራው ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ እነርሱም መነኮሱ።

አሁን ወደ ከባዱ ታሪክ ደረስን። አንድ ቀን አባቶች በጉባኤ ተቀምጠው ሳለ ሙሴ ገባ። ትሕትናውን ሊፈትኑ ፈልገው ይህ ጥቁር ለምን ወደ እኛ መካከል ይመጣል ብለው በፊቱ ናቁት። ሙሴ ዝም አለ። ጉባኤው ከተፈታ በኋላ አልታወክህም ወይ ብለው ቢጠይቁት ልቡ እንደ ታወከ፣ ግን እንዳልተናገረ ገለጠላቸው። ቅስና በተቀበለበት ቀንም እንዲሁ ሆነ። ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትነው ወድዶ ጥቁሩን እንዲያስወጡት አዘዘ። ሙሴም ራሱን እየወቀሰ ወጣ። በኋላ ጠርተው ሾሙት፤ ነጭ ልብሰ ተክህኖም አለበሱት። ሊቀ ጳጳሱ ነጭ መሆኑን ሲነግረው ሙሴ ነጭ የሆነው በውጭ ብቻ ነው ወይስ በውስጥም ብሎ ጠየቀ። ስለ ቆዳው እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ልብ ንጽሕና መጠየቁ ነው።

አባቶች ይህን ያደረጉት ለፈተና እንደ ነበር ታሪኩ ይናገራል፤ እኛም እናምናለን። ነገር ግን እኔ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሊፈትኑት ሲያስቡ ስርቆቱን ለምን አላነሡበትም? ስርቆቱ እርሱ የሠራው ነው፤ ቀለሙን ግን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። የቀለሙ ስድብ በዚያ አገር በሰው ሁሉ አፍ የተለመደ ስለ ነበረ ቀድሞ መጣ። እንግዳም ስለ ሆነባቸው እንዳንል ዘመን ሙሉ ውኃ የቀዳላቸው ወንድማቸው ነው። እርሱ ስድቡን እንደ መድኃኒት በትዕግሥት መቀበሉ ያኮራናል፤ በእርሱ መታገሥ ግን ስድቡ እውነት አልሆነም። ልቡ መታወኩንም አልደበቀም።

በእኛስ አገር? ባለ እጁ የአባታችሁን ማረሻ ይሠራል። ሸክላ ሠሪዋ የእናታችሁን ምጣድ ትሠራለች። ሸማኔው ለበዓል የምትለብሱትን ነጠላ ይሠራል። ሁሉም ከእኛ ጋር ተወልደው አብረውን ያደጉ ጎረቤቶች ናቸው። ሆኖም ሕፃን ሲታመም ቡዳ በላው ተብሎ ጣት የሚቀሰርባቸው፣ ልጃቸውንም ለጋብቻ የሚከለክሏቸው ሰዎች አሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። ይህን ፍርሃት ነው የሚለኝ ተማሪ አጋጥሞኛል። ማረሻው ሲሰበር ወደ ማን ቤት እንደሚሮጡ ብጠይቀው ግን ዝም አለ።

ወደ አባ ሙሴ እንመለስ። በሌላ ጊዜ ባጠፋ መነኩሴ ላይ ሊፈርዱ አባቶች ጠሩት። እርሱም የሚያፈስ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁት የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። መነኩሴውንም ይቅር አሉት።

በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በርበሮች አስቄጥስን ሊወርሩ መጡ። አባ ሙሴ ይህን ባወቀ ጊዜ መሸሽ የሚፈልግ ሁሉ እንዲሸሽ ለወንድሞች ነገራቸው። የፈሩትን አልነቀፈም፤ ወራሪዎቹንም በዘራቸው አልሰደበም። እርሱ ግን ቀድሞ በሰይፍ የኖረ ሰው ነውና ጌታ ሰይፍ ስለሚያነሡ ሰዎች የተናገረው ቃል እስኪፈጸምበት ይጠብቅ ነበር፤ ስለዚህ አልሸሸም። ሰባት ወንድሞችም አብረውት ቀሩ። በርበሮቹም ገብተው ገደሏቸው። ከወንድሞቹ አንዱ በሰሌን ምንጣፍ ጀርባ ተደብቆ ነበር። የእግዚአብሔር መልአክ አክሊል ይዞ ሲጠብቀው ባየ ጊዜ ከመደበቂያው ወጥቶ እርሱም ሰማዕት ሆነ።

የአባ ሙሴ ዐፅም ዛሬ በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ፣ በራሞስ በሚባለው ገዳም ይገኛል። ያረፈውም መጀመሪያ ባየው ጊዜ ከደነገጠው ከአባ ኤስድሮስ ዐፅም ጋር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።