ዶክተር ዉ ሊየን ቴህ እና የማንቹሪያው ቸነፈር

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1910 ማብቂያ ላይ የ31 ዓመቱ ሐኪም ዶክተር ዉ ሊየን ቴህ ረዳታቸውንና ማይክሮስኮፓቸውን ይዘው በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ወደምትገኘው ሃርቢን በባቡር ገቡ። የላካቸው የቻይና መንግሥት ነበር፤ በማንቹሪያ ምድር ሰው እንደ ቅጠል መርገፍ ጀምሮ ነበርና።

ዶክተር ዉ እ.ኤ.አ. በ1879 በእንግሊዞች ሥር በነበረችው የፔናንግ ደሴት ከወርቅ አንጥረኛ አባት ተወለዱ። በነጻ የትምህርት ዕድል በካምብሪጅ ሕክምና ተምረው በቲያንጂን የጦር ሠራዊት የሕክምና ትምህርት ቤት ምክትል ኃላፊ ሆነው ይሠሩ ነበር።

በጊዜው የነበሩ ሐኪሞች ቸነፈር ከአይጥ ወደ ሰው በቁንጫ እንደሚተላለፍ ያውቁ ስለነበር አይጥ ማሳደዱን ተያያዙት። ዶክተር ዉ ግን በአገሩ ባህል የተነወረውን የአስከሬን ምርመራ አድርገው በአንዲት ሟች ሳንባ ውስጥ የቸነፈሩን ባክቴሪያ አገኙ። በሽታው በሳልና በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል አሉ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠው በሕመምተኛው ራስጌ የሚቆመው ሐኪምና አስታማሚ ነው። ስለዚህ በሁለት ንብርብር ፋሻ መካከል ጥጥ የተደረገበት፣ ከራስ በስተኋላ የሚታሰር ርካሽ ጭምብል አዘጋጅተው ሠራተኛው ሁሉ እንዲያደርገው አዘዙ።

ትእዛዙን ብዙዎች አልተቀበሉትም። በዕድሜም በልምድም የሚበልጧቸው ፈረንሳዊው ዶክተር ሜስኒ የወጣቱን ሐሳብ ንቀው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ በሩሲያውያን ሆስፒታል ሕሙማንን መረመሩ። ብዙም ሳይቆዩ ታመሙ፤ በጃንዋሪ 11 ቀን 1911 ዐረፉ። ክርክሩን የቋጨው ይህ ሞት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጭምብል የማያደርግ ሰው በከተማዋ ጎዳና ማየት ብርቅ ሆነ።

ጭምብሉ ግን ሁሉን አላዳነም። በሙክደን ባቡር ጣቢያ ተጓዦችን ይመረምር የነበረው የ26 ዓመቱ ሐኪም አርተር ጃክሰን እየተጠነቀቀም በበሽታው ተይዞ ሞቷል። ቸነፈሩን ሲዋጉ ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞች አልቀዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈ ሕሙማንና አስከሬን አንሺዎች፣ ጋሪ ነጂዎችና የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ።

ዶክተር ዉ የባቡር ፉርጎዎችን ለይቶ ማቆያ አደረጉ። መሬቱ በበረዶ ደርቆ መቃብር መቆፈር ባለመቻሉም፣ ንጉሠ ነገሥታዊውን ፈቃድ አግኝተው ከ2,000 በላይ የሬሳ ሣጥኖችን አቃጠሉ። በሃርቢን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተመዘገበው በማርች 1 ቀን 1911 ነው። በመላው ማንቹሪያ እስከዚያ ድረስ ወደ 60,000 ሰው አልቋል።

በኤፕሪል ወር የ11 አገሮች ሊቃውንት በሙክደን ተሰብስበው ስለ ቸነፈሩ ሲመክሩ ጉባኤውን የመሩት እርሳቸው ነበሩ። በ1935 ለኖቤል የሕክምና ሽልማት ታጭተዋል። ወደ ማላያ ተመልሰው በግል ክሊኒካቸው ሲያክሙ ኖረው፣ በ1960 በተወለዱባት ፔናንግ በ80 ዓመታቸው ዐረፉ።