ዲዝል የሰው ስም ነው

እውነቱን ለመናገር፣ ዲዝል የሰው ስም መሆኑን ያወቅኩት ቅርብ ጊዜ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1858 ከጀርመን ወላጆች ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሺያ ጦርነት ሲነሳ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ እሱ ግን ለትምህርት ወደ ጀርመን ተላከ። ሙኒክ ውስጥም ምህንድስና ተማረ።

የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር አብዛኛውን ሙቀት ያባክን ነበር። ዲዝል ካንዴላ የማይፈልግ፣ የታመቀ አየር ሙቀት ብቻ ነዳጁን የሚያቀጣጥልበት ሞተር ሠራ። በ1897 አውግስበርግ ላይ ሲሞከር ከነዳጁ ሙቀት 26 ከመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ። በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ደግሞ አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠራ። ሐሳቡ የመጣው ከፈረንሳይ መንግሥት ነበር፤ ዲዝል ግን ወደደው፣ በ1912ም የአትክልት ዘይት ወደፊት ትልቅ ነዳጅ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ።

በ1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ሌሊት ከመርከብ ላይ ጠፋ። ዕዳ ተጭኖት ነበር፤ አሟሟቱ ዛሬም ያከራክራል።

እኔን የከነከነኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እሱ ሊደርስበት በነበረው አገር፣ በ2002 ዌልስ ውስጥ መኪናቸውን በምግብ ዘይት የነዱ ሰዎች ተያዙ። ጥፋታቸው ዘይቱ አይደለም፤ የነዳጅ ቀረጥ አለመክፈላቸው ነው። በ2007 ሕጉ ላላና በዓመት እስከ 2,500 ሊትር ድረስ ቀረጡ ተነሳ። እንግዲህ ሞተሩ ከመቶ ዓመት በፊት የፈቀደውን ነገር ሲከለክል የቆየው ቀረጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ነዳጅ ስንዘግብ ይሠራል ወይ ብቻ ሳይሆን ማን ያስከፍላል ብለንም እንጠይቅ።