እውነትና ንጋት፦ የፕሮፌሰር ሽታውዲንገር ሕይወት

በአምባገነን ሥርዓት ሥር የሚኖር ምሁር ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንዱ ከሙያ ባልደረቦቹ፣ ሌላው ከመንግሥት ይመጣል። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፕሮፌሰር ሄርማን ሽታውዲንገር ሁለቱንም ቀምሰዋል።

በ1881 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቮርምስ ከተማ ተወለዱ። በ1912 በስዊዘርላንድ የዙሪክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንደ ብዙዎቹ ጀርመናውያን ምሁራን ከበሮ አልደለቁም። በ1919 የመርዝ ጋዝን አውግዘው በመጻፋቸው የጋዙ ጦርነት አባት ፍሪትዝ ሃበር አገርን እንደሚጎዳ ሰው ከሰሷቸው። ይህ ነገር ተረስቶ አልቀረም።

በ1920 ደግሞ የሙያ ባልደረቦቻቸውን ያስቆጣ ሐሳብ አቀረቡ። ጎማና መሰል ነገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ሞለኪውሎች በጠንካራ ኬሚካላዊ ትስስር የተያያዙባቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው አሉ። የዘመኑ አንጋፋዎች ግን ትንንሽ ሞለኪውሎች ተጠጋግተው የፈጠሩት ክምችት እንጂ ሌላ አይደለም ብለው ለዓመታት ተከራከሯቸው።

በ1926 ወደ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩት ሽታውዲንገር ማስረጃ ማከማቸቱን ቀጠሉ። ውሃ የማያሟሟውን ፖሊቪኒል አሲቴት ውሃ ወደሚያሟሟው ፖሊቪኒል አልኮል ለወጡት። ነገሩ ተራ ክምችት ቢሆን ኖሮ ጠባዩ ሲቀየር በተበተነ ነበር። ሰንሰለቱ ግን አልተበጠሰም።

የአሠራሩ ሁኔታም ወሳኝ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ሰንሰለቶች ባንድ ጊዜ ስለሚጀመሩ እያንዳንዱ ያጥራል። በዝቅተኛ ሙቀት፣ በትዕግሥት ሲሠራ ይረዝማል። ሽታውዲንገር ርዝመቱን የሚገምቱት ሟሙቶ የሚገኘው ፈሳሽ ምን ያህል እንደወፈረ በመለካት ነበር። ፖሊቪኒል አልኮልም እንደ አሠራሩ ይለያያል። ከአሲቴቱ 88 በመቶ ያህሉ ሲወገድ በቀዝቃዛ ውሃ በቀላሉ ይሟሟል። ሙሉ በሙሉ ሊወገድ ሲቃረብ ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያያዙ ሙቅ ውሃ ይፈልጋል።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ የሆኑት ታዋቂው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር የጦርነቱን ዘመን ነገር አንስተው ሽታውዲንገርን ለባለሥልጣናት አሳበቁ። ምስጢራዊው ፖሊስ ምርመራ ከፈተ። በየካቲት 1934 ሃይደገር ከሥራ እንዲባረሩ ሐሳብ አቀረቡ። ሽታውዲንገር የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዲፈርሙ ተገደዱ። ደብዳቤው ከባለሥልጣናት መሳቢያ ውስጥ እንደ ማስፈራሪያ ተቀምጦ ከወራት በኋላ ተነሳላቸው።

ሽታውዲንገር ጀግና ነበሩ ለማለት አይደለም። ራሳቸውን ለማትረፍ ኬሚስትሪ ለጀርመን ሕዝብ ያለውን ጥቅም የሚያጎላ ጽሑፍ አውጥተዋል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ያልለወጡት ግን በቤተ ሙከራ ያገኙትን እውነት ነው።

በኅዳር 1944 የአየር ድብደባ ተቋማቸውን አወደመው። የሥራ አጋራቸው ከነበሩት ከባለቤታቸው ከባዮሎጂ ባለሙያዋ ማግዳ ጋር ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1953፣ በ72 ዓመታቸው፣ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ1965 አረፉ።

ዛሬ ፖሊቪኒል አልኮል በዓይን ጠብታና ውሃ ውስጥ በሚሟሟው የልብስ ሳሙና መጠቅለያ ውስጥ ይገኛል። ረጅሙን ሰንሰለት የሚጠራጠር ኬሚስትም የለም። ለዚህ ለመድረስ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።