ሮናልድ ሮስ፦ በፈተና የወደቀው ሐኪም

ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ያረጋገጠው ሮናልድ ሮስ በተማሪነቱ ከደካሞቹ ወገን እንደ ነበረ ከባልደረቦቻችን ብዙዎቹ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሮስ እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ አገር በአልሞራ ተወለደ። ልቡ ያዘነበለው ወደ ግጥምና ሙዚቃ ነበር፤ ሕክምናን የመረጠለት የጦር መኮንን የነበረው አባቱ ነው። በ1874 ለንደን በሚገኘው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ትምህርት ቢጀምርም ጊዜውን በአብዛኛው በድርሰትና በዜማ አሳለፈው። ውጤቱም ይህንኑ መሰለ። በ1879 የቀዶ ሕክምናውን ፈተና ሲያልፍ፣ የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ለሐኪምነት ፈቃድ በሚሰጠው ፈተና ወደቀ። አባቱ ይመኝለት የነበረው የሕንድ የሕክምና አገልግሎት በር ተዘጋበት ማለት ነው። ስለዚህ በአትላንቲክ ውቅያኖስ በምትመላለስ መርከብ በሐኪምነት ተቀጥሮ እየሠራ አጠና፤ በ1881 በሁለተኛው ሙከራ አልፎ ወደ ሕንድ ተሻገረ።

በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ ማለፍ ይልቅ የሚደነቀው በ1888 የፈጸመው ነው። የዕረፍት ፈቃድ አግኝቶ ለንደን በተመለሰ ጊዜ እንደ ገና ተማሪ ሆኖ የሕዝብ ጤና ዲፕሎማ ተቀበለ፤ ባክቴሪዮሎጂም ተማረ። በ1894 ፓትሪክ ማንሰን የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ አሳየው። ከዚያ ወዲያ በሕንድ ሙቀት ሁለት ዓመት ያህል ትንኝ ሲሰነጥቅ ከረመ፤ ይመረምራቸው የነበሩት ወባን የማያስተላልፉ ዓይነቶች ስለ ነበሩ አንዳች አላገኘም። ነሐሴ 1897 በሴኩንደራባድ በአኖፌለስ ትንኝ የሆድ ግድግዳ ላይ ተሕዋሱን አየ። በተከታዩ ዓመት በካልካታ፣ የወፎችን ወባ በማጥናት፣ ተሕዋሱ እስከ ትንኟ የምራቅ ዕጢ የሚሄድበትን መንገድ አሳየ። በ1902 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በተማሪነቱ ያዘናጋውን ድርሰትም አልተወም፤ ልብ ወለዶችና ግጥሞች አሳትሟል። በ1932 ለንደን ውስጥ ዐረፈ።